ሴቷ በቀኝ፣ ወንዱ በግራ

ጥቅምት 8

ለጭምቴ፣ ለማትናገረው ግን ለማትረሳው የእህቴ ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ደረጃ ካላየ አይናገርም። ባለሽበት የሰው ፊት ይብራልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ የያዝሽው ይባረክ። አሜን በይ።

ለምን አልደወልሽም እንዳትይኝ። በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ለእኔ እንዳልተባለ ነው።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ዶሮ አርቢ ሆንኩልሽ! ሳቂ፣ ሳቂ፣ ግድ የለም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መኪናውን ያቆምበት የነበረው ጓሮ ላይ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል። ውስጡ ሦስት ደርብ የሽቦ ሳጥን ነው፤ እነሱ ኬጅ ይሉታል። ስድስት መቶ ዶሮ ገብቶበታል። ውሉ እንዲህ ነው፤ ዶሮዋ፣ መኖዋና መድኃኒቷ የኩባንያው፤ ቦታው፣ ውሃው፣ መብራቱና ጉልበቱ የእኔ። እንቁላሉን ጠዋት ጠዋት በመኪና መጥተው ይረከባሉ፣ በወር በወር ይከፍሉኛል። ለአምስት ዓመት ፈርሜያለሁ። የግቢዬን ካርታም መያዣ ሰጥቻለሁ፤ ይኼ እንኳን ለወጉ ያህል ነው ብለውኛል።

የኩባንያው ወኪል ጥርሱ የማይከደን ሰው ነው፤ "ሳቂታው" ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። "እማማ፣ የዶሮ ልምድ አለዎት ወይ?" ቢለኝ፣ "እኔ ባይኖረኝ የእህቴ ልጅ ውጭ አገር የዶሮ ሐኪም ናት" አልኩታ! ያኔ ሥራ ስትይዢ "ሥራዬ ጫጩቶችን አንድ በአንድ መመርመር ነው" ብለሽ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ አውጥቼ አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ "ዶክተሯ" ነው የሚልሽ። ፀጉር አስተካካዩ ፈረመ፣ ልብስ ሰፊዋ ፈረመች፣ ጡረተኛው ሾፌር ፈረመ፤ ከእኔ ጋር ስድስት ቤት ሆንን። "ዶክተሯ ካለችልን ምን እንሆናለን" እያሉ ነው የፈረሙት። ኮራሁብሽ፤ ምን ላድርግ።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የቤት ሙቀት መለኪያ ላኪልኝ፤ እዚህ የገዛሁት አንድ ቁጥር ላይ ተጣብቆ ነው የሚውለው። ሁለተኛ፣ ዶሮዎቹ እርስ በርስ ላባ መነቃቀል ጀምረዋል። ምን እንስጣቸው? መልስሽን የሚጠብቀው ስድስት ቤት ነው።

የምትወድሽ አክስትሽ


ኅዳር 14

እናትም አባትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ እኔን ቀድሞ ደጅሽ ይግባ። ጉልበትሽን ከዚሁ ሆኜ ስሜዋለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ እኔንም ለዓይንሽ ያብቃኝ።

እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም ደህና ነው። ክፍሌ ያው ነው፤ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ፣ አራት ሴቶች፣ ሁለት ተደራራቢ አልጋ። ከታች ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ለምደነዋል፤ እሑድ ጸጥ ሲል ነው የሚጨንቀን።

ሙቀት መለኪያውን ልኬያለሁ። ስለ ላባው አጣርቼ ነው የምጽፍልሽ። መብራቱን ቀንሱት፤ በአንድ ሳጥን ያሉትን ዶሮዎች ቁጥር ቀንሱ፤ የሚጭሩትና የሚነቁሩት ነገር ስጧቸው። ዶሮ ቀኑን ሙሉ መሬት ስትጭር የምትውል ፍጡር ናት፤ የምትጭረው ስታጣ ጎረቤቷን ትጭራለች።

እትዬ፣ ውሉን አንብበሽዋል አይደል? አንቺን እንዲህ ብዬ መጠየቄ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻ ዶሮዎቹን መቀነስ ወይም መሬት ላይ ማውጣት ይፈቀድልሽ እንደሆነ እዪልኝ።

የ"ዶክተሯ"ን ነገር ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን። እስከዚያው ለሰው ብዙ አታውሪ።

ጭምት


ታኅሣሥ 20

ለልጄ፣ ለሰፈሩ መመኪያ፤

እንደምን ከርመሻል? በሄድሽበት ሁሉ መንገዱ ይቅናልሽ። መለኪያው ደርሷል፤ እጅሽ ይባረክ። ስድስቱም ቤት በየተራ ይወስደዋል፤ ከእኔ ቤት ያደረበት ቀን ጥቂት ነው።

ያልሽውን ለማድረግ ገና ስነሳ ሳቂታው ከተፍ አለ። በአንድ ሳጥን አራት ዶሮ አለ፤ ሦስት ላድርገው አልኩት። "እማማ፣ ቁጥሩ ውሉ ላይ አለ" አለኝ እየሳቀ። እሺ ቀን ቀን ጓሮ ልልቀቃቸው? "ዶሮዎቹ እኮ የእርስዎ አይደሉም።" ይኼን ሲለኝ ገብቼ ውሉን አወጣሁ። ጭምቴ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "ሳያነቡ አይፈርሙ" እያልኩ ስንቱን ባለጉዳይ ከመስኮት ስመልስ ኖሬ፣ የራሴን ውል ገጽ ዘጠኝ ያነበብኩት ያን ዕለት ነው። ከመቶ ከአምስት በላይ የሞተ ዶሮ በእኔ ዕዳ ነው። ሥራውን ካቆምኩ የቆርቆሮ ቤቱም የኬጁም ወጪ በእኔ ነው። መክፈል ካልቻልኩ ካርታው ይሄዳል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ሳሩ አንቺ ነበርሽ፤ ባንቺ ስኮራ ዓይኔ ሌላ አላየም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ ሁለቱንም ሆኜ አረፍኩት።

ዶሮዋ የእነሱ ናት። ኩሱ ግን የእኔ ነው፣ ሽታውም የእኔ ነው። አንዷ ጀርባዋ ተነቃቅሎ ቆዳዋ ቀልቷል፤ ክንፏን ልዘርጋ ብትል ከሽቦው ይጋጫል። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ስቀመጥ ትዝ ትለኛለች፤ ተነስቼ እቆማለሁ። ይኼን ለሰው ብናገር አበደች ይሉኛል።

ኃጢአት ነው ብዬ እንዳልደመድም ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ አለ። የተሰነጠቀውን እንቁላል ኩባንያው ለእኛ ይተውልናል። "እትዬ፣ ልጆቼ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በየቀኑ እንቁላል በሉ እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የታናሿ ልጁ ጉንጭ ሞልቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ማንን ልርገም? የዶሮዋን ጀርባ ሳይ እናደዳለሁ፤ የልጅቷን ጉንጭ ሳይ አፌን እይዛለሁ።

አሁን ደግሞ ሳቂታው ላባ እንዳይነቃቀሉ ምንቃራቸውን በጋለ ብረት ቁረጡ ብሎናል። ስድስቱም ቤት እኔ በር ላይ ቆሟል። አንቺ ቁረጡ ካልሽ ይቆረጣል፣ ተዉ ካልሽ ይተዋል። በዶክተርነትሽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላኪልኝ። ማኅተሙን አትርሺ፤ ሰው የሚያምነው ማኅተም ነው።

አክስትሽ


የካቲት 12

እትዬ፤

ሰላምታውንና ምርቃቱን ከታች አደርገዋለሁ። ከላይ ከጀመርኩት እዚያው እቀራለሁ፤ ይኼን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ሰላምታው ላይ ቀርቻለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም።

የምሠራው ጫጩት ማስፈልፈያ ነው። ሥራዬ ጫጩት መለየት ነው። አዳራሹ መስኮት የለውም። የዚያው ቀን ጫጩቶች መቶ መቶ ሆነው በቢጫ ሳጥን ይመጡልኛል። አንዷን አነሳለሁ፤ ክንፏን በአውራ ጣቴ እዘረጋዋለሁ፤ ከመብራቱ ሥር አያለሁ። ላባዋ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ ሴት ናት። እኩል ከሆነ ወንድ ነው። ሴቷ በቀኝ፣ ወንዱ በግራ። በቀኝ ያለችው ወደ ክትባት ትሄዳለች፤ አድጋ አንቺ ጓሮ እንዳለው ዓይነት ቤት ትገባለች። በግራ ያለው ወፍጮ ውስጥ ይገባል፣ ከነሕይወቱ። እንቁላል አይጥል፤ ዘሩ ደግሞ ለሥጋ የሚሆን አይደለም፤ የመኖውን ወጪ እንኳን አያወጣም ተብሎ ነው። ዕድሜው አንድ ቀን አይሞላም።

በሰዓት አንድ ሺህ እለያለሁ። ጎበዝ ናት ይሉኛል። ከአጠገቤ የሚቀመጠው ሽማግሌ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። አንድ ቀን "በጠቅላላው ስንት ሆነ?" ብዬ ጠየቅሁት። "እኔ የምቆጥረው እስከ ጡረታ የቀረኝን ወር ነው፤ አንቺም ሌላ አትቁጠሪ" አለኝ። አልቆጥርም ብዬ ነበር። ግን ጣቴ ራሱ ይቆጥራል፤ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ አውራ ጣቴ ብቻውን ሲሄድ አየዋለሁ።

ለምን አልነገርኩሽም? "መመርመር" ብዬ የጻፍኩልሽ ለማሳመር ነው። አንቺ "ሐኪም ሆንሽልኝ" ብለሽ ስትመልሺ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ፈራሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ውሸት እያደር ነው የከበደኝ። ሙቀት መለኪያውን ስልክልሽ እንኳን ሐኪም የላከው መስሎሽ እንደምትስሚው እያወቅሁ ነው የላክሁት።

ለምን አትተይውም ትይኛለሽ። የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ የአሠሪዬ ስም ተጽፏል። ሥራውን የለቀቅሁ ዕለት ፈቃዱም ይለቀኛል።

ዶሮ ከበላሁ አራት ዓመቴ ነው፤ እንቁላልም ትቻለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት "ጨጓራሽን ነው?" ይሉኛል፣ አዎ እላለሁ። ሰው ሥጋ አይብላ ማለቴ አይደለም። እንጃ። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ እንቁላል በላች ስትይኝ ደስ ብሎኛል፤ እንዴት ደስ አይለኝም? ብቻ አንዷ እንድትጥል ሌላው እንደሚጣል እጄ ያውቃል። እጄ ያወቀውን አፌ እምቢ አለ።

ምንቃራቸውን አትቁረጡ። ማክሰኞ ማክሰኞ እኛ ጋ የሚመጣውን እውነተኛውን ሐኪም እጅ መታጠቢያው ጋ ጠብቄ ጠይቄዋለሁ፤ ላደገ ዶሮ ሕመሙ ቶሎ አይለቅም አለኝ። እስካሁን የጻፍኩልሽ ምክር ሁሉ ከእሱ የቃረምኩት ነው። ማኅተም የለኝም።

ይቅር በይኝ። ጤናሽን ይጠብቅልኝ። መርቂኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ጭምት


ሚያዝያ 6

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከደረሰኝ ወር ከሳምንት ሆኖታል።

ምንቃሩ ተቆርጧል። መልስሽ ሲቆይ ሳቂታው ሰው ይዞ መጣ፤ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እኔ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ እንቁላል ስለቅም ዋልኩ። ዶሮዎቹ ለአንድ ሳምንት መኖ እንኳን በቅጡ አላነሱም።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ? ካፈርኩ አይመልሰኝ። ልብስ ሰፊዋ በዚህ ዓለም ያላት ያቺ ግቢ ብቻ ናት፤ እሷንም በእኔ ቃል ነው ያስያዘችው። አሁን ወጥቼ "ዶክተር የሚባል የለም" ብል ድንጋይ ባያነሱ ምራቅ አያጡም። ዛሬም ጠዋት አንድ የሞተች ዶሮ በጋዜጣ ጠቅልላ አምጥታ "ይኼን ለዶክተሯ ጻፊላት" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ስለዚህ ሐኪም እንደሆንሽ ቆዪ። አንድ ወረቀት ብቻ በዶክተር ስም ጻፊልኝ። ዶሮዎቹ ተጨናንቀዋል፣ ውሉ ይሻሻል የሚል ይሁን። ማኅተም እዚያ አገር የሚቀርጽ አይጠፋም። ለአክስትሽ ስትይ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

አልመረቅሁሽም። እመርቅሻለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ።


ግንቦት 1

ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልብሽን ያሳርፍልኝ። በእኔ የተነሣ መድረሻ ማጣትሽን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የጠየቅሽኝን አልጽፍም። ሳቂታው ማኅተሙን አጣርቶ የሐሰት መሆኑን የደረሰበት ዕለት የምትከሰሺው አንቺ ነሽ፤ ይኼን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እውነቱን ንገሪያቸው። "ዋሸችኝ" በይ። ዋሽቻለሁና አትፍሪ፤ የእኔን ነውር አንቺ አትሸከሚልኝ።

አንድ ዜና አለኝ፤ ደስ የሚል ይሁን የሚያስለቅስ አንቺ ፍረጂ። ባለፈው ሳምንት አዳራሻችን አዲስ ማሽን ገባ። እንቁላሉ ገና ሳይፈለፈል፣ ጫጩት የሚባል ነገር በቅጡ ሳይሠራ፣ ውስጡ ያለው ወንድ ይሁን ሴት በብርሃን ያነባል። ወንድ የሆነውን ያኔውኑ ያወጣዋል። አለቃችን ሰብስቦን ወንበር ላይ ቆመና "ከእንግዲህ በዚህ ቤት አንድም ጫጩት አይፈጭም" አለን። አጨበጨብን። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ፤ እንባዬ መጣ። ከዚያ "ለያዮች እስከ ሐምሌ መጨረሻ አብራችሁን ናችሁ" አለ። ጭብጨባው ገና አላለቀም ነበር። ሽማግሌው ለጡረታው አምስት ወር ነው የቀረው። "አምስት ወር ሙሉ እንቁላል ባያነቡ ምናለ" አለኝ፣ ተሳሳቅን፤ እሱ ሻዩን ሳይጠጣ ተነሣ።

ተመልከቺ እንግዲህ። ስንት ዓመት ወፍጮው ይዘጋ ብዬ ለፈጣሪ ያልነገርኩበት ቀን የለም። ሲዘጋ እኔም አብሬ ተዘጋሁ።

ፈቃዴ ሐምሌ ሠላሳ ያበቃል። እስከዚያ ሌላ አሠሪ ካላገኘሁ መመለሴ ነው። ግን ምን ሆኜ ነው የምመለሰው? ዶክተሯ ሆኜ? ሰፈሩ የሞተ ዶሮ ይዞ በር ላይ ሲጠብቀኝ ይታየኛል።

ጭምት


ግንቦት 27

ለልጄ ለጭምቴ፤

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከሥሩ ልንገርሽ።

ሰኞ ዕለት ሳቂታው የሞተውን ዶሮ ሊቆጥር መጣ። ስድስቱም ቤት እኔ ግቢ ተሰብስቧል፤ ወንበር ስላልበቃ ሾፌሩ የመኖ ከረጢት ላይ ተቀምጧል። የእኔ ቁጥር ከመቶ አምስቱን አልፏል፤ የልብስ ሰፊዋማ በእጥፍ። ሳቂታው መዝገቡን ከፍቶ "ዶክተሯ ምን ትላለች ታዲያ?" አለኝ እየሳቀ። ያ ሳቁ ነው ያፈነዳኝ። "ዶክተር የምትባል የለችም!" አልኩት። "የእህቴ ልጅ ሐኪም አይደለችም። ጫጩት ለያይ ናት። ወንዱን ከሴቱ ትለያለች፣ ወንዱ ይፈጫል። ይኸው ነው!"

ልብስ ሰፊዋ "እና እስከ ዛሬ 'ዶክተሯ እንዲህ አለች' እያልሽ የነገርሽን መድኃኒት ከየት የመጣ ነው?" አለችኝ። "ግማሹ ከሐኪም የተሰማ፣ ግማሹ ከራሴ" አልኩ። "ነጭ ሽንኩርቱስ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ነጭ ሽንኩርቱ ከራሴ ነው" አልኩት። በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እጇ ላይ ስትይዝ አየሁ፤ ልትወረውርብኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልወረወረችም። በባዶ እግሯ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳቂታው ግን፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቁን አቆመ። "ለያይ ናት አሉኝ?" አለ። አዎ። "በሰዓት ስንት?" አንድ ሺህ አልኩት። ለካ እስከዚያ ድረስ ከቁም ነገር አልቆጠረሽም ነበር፤ አሁን ግን ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ኩባንያው እዚሁ ከከተማው ዳር ማስፈልፈያ እየሠራ ነው። ያልሽው ዓይነት እንቁላል የሚያነብ ማሽን ዋጋው የማይቀመስ ነው አለኝ። "እዚህ የሰው እጅ ርካሽ ነው እማማ፤ የሚያውቅ እጅ ነው የታጣው።" ሐኪም እንደ አሸዋ ነው፣ ለያይ ግን በመብራት ቢፈለግ የለም አለ። ሦስት ዓመት መጥተሽ ብትሠሪ፣ አሥራ ሁለት ሴቶችም ብታሠለጥኚ፣ የስድስቱንም ቤት ውል ቀዶ ካርታችንን ይመልሳል። ኬጁንም በራሱ ወጪ ይነቅላል። ይኼንኑ በጽሑፍ አድርግልኝ አልኩት፤ አደረገው። ገጹን ሁሉ አነበብኩት፣ ጀርባውንም ገልብጬ አየሁ። የተደበቀ ነገር የለውም።

"ጥሪያት" ያለኝ የለም። በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ሳልጠራት መጥታ ግቢዬን ጠረገችልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ጉልበቴን የምቀባው ቅባት ገዝቶ በልጁ ላከልኝ። የግቢዬ በር ሲጥጥ ሲል ስንት ዓመቱ፣ ሾፌሩ ዘይት ቀባልኝ። ደግነታቸው አላስቀምጥ አለኝ።

እኔም ነይ አላልኩሽም። የተባለውን ነው የጻፍኩልሽ።

ምርቃት ይቀርሽ ነበር፤ ይኸው። የነካሽው ሁሉ ይለምልም። የወጣሽበት ደጅ በሰላም ይቀበልሽ። እናትሽ ያላየችውን ደስታ አንቺ እዪው። ከጠላት ወሬ፣ ከድንገተኛ ነገር ይሰውርሽ። እጅሽ አይዛል። ዓይንሽ አይድከም። ለእኔ ያፈሰስሽውን እንባ ፈጣሪ በሣቅ ይለውጥልሽ። ልጅ ውለጂ፣ ወግ ማዕረግ እዪ። አሜን፣ አሜን፣ አሜን።

አክስትሽ


ሰኔ 19

ለእትዬ፤

ምርቃትሽ ደርሶኛል። ስሄድ እንኳን እንዲህ አርዝመሽ አልመረቅሽኝም። እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይድከም የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ።

ሦስት ቦታ ሥራ ጠይቄያለሁ። ሦስቱም ቦታ "ሌላ ምን ትችያለሽ?" አሉኝ። ሁለቱ ጋ አመስግኜ ወጣሁ፤ ሦስተኛው ጋ "መማር እችላለሁ" አልኩ። እናሳውቅሻለን ብለውኛል። አላሳወቁኝም።

እሺ በይው። ለስድስቱ ቤት ስል እመጣለሁ። ሦስት ዓመት ነው፤ ይኼንንም ችየዋለሁ፣ ያንንም እችለዋለሁ።

ይኼ የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ ለሳቂታው የምታሳዪው። ቀጥሎ ያለው ያንቺ ብቻ ነው።

እትዬ፣ እዚህ የተዘጋውን ወፍጮ እዚያ ሄጄ ልከፍተው ነው። በገዛ እጄ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ አሥራ ሁለት ሴት አስተምሪ ነው የተባልኩት። የጎረቤት ልጆች ይሆናሉ። "ክንፉን እንዲህ ዘርጊ፣ አትመልከቺው፣ አትቁጠሪ" ብዬ ላስተምራቸው ነው። አፌ እሺ አለ እንጂ ልቤ እሺ አላለም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። በእጅሽ "አትምጪ" ብለሽ አንድ መስመር ጻፊልኝና እቀራለሁ። የት እንደምቀር አላውቅም፣ ግን እቀራለሁ። ሌላ ሰው ቢለኝ አልሰማም፤ ያሳደግሽኝ አንቺ ካልሽኝ ግን ስድስቱም ቤት ቢረግመኝ እችለዋለሁ። ካልሽም አልቀየምሽም፣ ካላልሽም አልቀየምሽም። እስከ ሐምሌ ሃያ እጠብቃለሁ።

ልጅሽ


ሐምሌ 11

ለልጄ፤

እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ጽፈሽልኛል።

ደብዳቤሽ ሰኔ ሳያልቅ ነው የደረሰኝ። በዚያው ዕለት መልሱን ጻፍኩልሽ። "አትምጪ" ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ያውም ሁለት ገጽ ሙሉ። አንቺን ወፍጮ ላይ ቆመሽ ከማይሽ ቆርቆሮ ሥር ብሞት ይሻለኛል አልኩ። አሸግሁት፣ ቴምብር ለጠፍኩበት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስምንት ቀን ከእኔ ጋር ዞረ። ፖስታ ቤቱ ከልብስ ሰፊዋ ቤት ማዶ ነው፤ ሴትዮዋ በሯ ላይ መኪናዋን ይዛ ስትሰፋ ትውላለች። ስታየኝ እግሯን ከመርገጫው አንስታ "እትዬ፣ መልስ መጣ?" ትለኛለች። "ገና ነው" እላታለሁ፤ ዳቦ ልገዛ የወጣሁ መስዬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ሳጥኑ ድረስ ሄጃለሁ። ፖስታውን ግማሹን ከትቼ መልሼ ሳብኩት።

ዓርብ ዕለት ሳቂታው ስድስቱንም ካርታ በፕላስቲክ አቃፊ ይዞ መጣ። የመጀመሪያውን ገጽ አሳየሁት። ሁለተኛው መቀነቴ ውስጥ ነበር።

ካርታዬን በእጄ ተረከብኩ። ልብስ ሰፊዋ የእሷን ደረቷ ላይ ለጥፋ እየዞረች ሰው ሁሉ ትስማለች፤ እኔንም ሳመችኝ። ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ዶሮዎቹን ጫነ። አንዲት እንኳን ተውልኝ ብዬ ለመንኩት፤ ጓሮ ልለቃት ፈልጌ ነበር። "ማረጃው በቁጥር ነው የሚረከበው እማማ" አለኝ። እንግዲህ በቁጥር ሰጠሁት። ብረቱ ሲነቀል ዋለ፤ አሁን ጓሮው ባዶ ነው። ጠዋት ተነስቼ በሩን ስከፍት ጸጥታው ያስደነግጠኛል።

አሁን ለራሴ ያልነገርኩትን ልንገርሽ። እምቢ እንድትይ ስጸልይ ነው የከረምኩት፤ ተንበርክኬ፣ በዚህ ጉልበቴ። እሺ ማለትሽን ሳነብ ግን ደስ አለኝ። ያዘንኩት ኋላ ነው፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ገጽ ያነበብኩት ፊቴ ገና ሳይጨልም ነው። አሳድጌሻለሁና ይኼንን ማወቅ ይገባሻል።

የምትጠብቂው አንድ መስመር እንደሆነ አውቃለሁ። ይኸው ወረቀቱ አለቀ፣ አልጻፍኩትም።

ክፍልሽን ቀለም አስቀብቻለሁ። የምትመጪበትን ቀን ጻፊልኝ።

አክስትሽ